የስደተኛ ካምፕ ሥራ ለምትመሩ፦ ደጋግመን የሠራናቸውና መቅረት ያለባቸው ስህተቶች

የራሽን ቀን ነው። አንዲት እናት የአምስት ልጆቻቸው ስም ያለበትን ካርድ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈዋል። ማሽላቸውን የተቀበሉት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ተከትያቸው ሄድኩ። ከመጋዘኑ በር ብዙም ሳይርቁ ጆንያውን ፈትተው ለተሸከመላቸው ልጅ አንድ ጣሳ ሰፈሩለት። ወፍጮ ቤት ደረሱ፤ ብር ስላልነበራቸው የማስፈጫው ሂሳብ ከእህሉ ላይ ተነሳ። ለሳሙናና ለጨው ደግሞ ጥቂት ጣሳ ሸጡ። ቤት የገባው ዱቄት ወረቀቴ ላይ ካለው ቁጥር በጣም ያነሰ ነበር።

እኔ ግን የዚያን ዕለት ማታ "ሥርጭቱ መቶ በመቶ ተጠናቋል" ብዬ ሪፖርት ላክሁ።

ኢትዮጵያ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን አስጠልላለች። ደቡብ ሱዳናውያን በብዛት ጋምቤላ ናቸው፣ ሶማሌዎች ሶማሌ ክልል። ከሱዳንና ከኤርትራ የመጡትም በአማራ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በአፋር አሉ። በየጊዜው አዲስ አስተባባሪ ይመደባል፤ ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ግን የቀደመው ሰው ምን እንዳበላሸ የሚነግረው የለም። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለእሷ ነው።

"ለስድስት ወር ነው" ብሎ መጀመር

ጅግጅጋ አካባቢ ያለውን የከብሪበያህ ካምፕ ያየ ሰው ይህን አይልም። ካምፑ የተከፈተው ሶማሊያ ውስጥ የዚያድ ባሬ መንግሥት በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ነው። እዚያ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወልደዋል። ኬንያ ውስጥ ያሉት ዳዳብና ካኩማም የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው፣ አሁንም አሉ።

በጀቱ የአንድ ዓመት ስለሆነ ሐሳባችንም የአንድ ዓመት ይሆናል። ውሃ በቦቴ እናመላልሳለን፤ ድንኳን እንተክላለን፤ ድንኳኑ በፀሐይ ሲበጣጠስ ሌላ ድንኳን እንገዛለን። በቦቴ ማመላለስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነፍስ ያድናል። ዓመት ሲያልፍ ግን ገንዘቡ ነዳጅ ሆኖ ያልቃል፤ መንገዱ በክረምት ጭቃ በሆነ ቀን ደግሞ ውሃ የለም።

ጋምቤላ ውስጥ ኢታንግ ላይ የተሻለ ነገር ተሠርቷል። ለኩሌና ለተርኪዲ ካምፖች ቋሚ የውሃ መስመር ሲዘረጋ የኢታንግ ከተማ ነዋሪም ከዚያው መስመር እንዲጠጣ ተደረገ። የከተማው ሰውና ስደተኛው አንድ ዓይነት ውሃ ይቀዳሉ። የመጀመሪያው ወር ላይ ሆናችሁ "ይህ ሰፈር ከሃያ ዓመት በኋላ ከተማ ቢሆን ቧንቧው የት ያልፋል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ቦታን በበጋ አይቶ መምረጥ

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ሕዝቡ በገፍ ወደ ጋምቤላ ገባ። ሌችዎር የሚባለው ካምፕ የተከፈተው በዚያ ጥድፊያ መካከል ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፤ በበጋ ላየው ሰው ደረቅና ምቹ ይመስላል። ክረምቱ ሲመጣ ካምፑ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። መጸዳጃ ቤቶቹ በውሃ ተሞሉ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከጦርነት ሸሽቶ ገና እግሩን ሳይዘረጋ እንደገና ተነሳ። በ2007 ዓ.ም. ጀዊ ወደሚባል ሌላ ካምፕ እንዲዛወሩ ተደረገ።

ካርታውም የሳተላይቱም ፎቶ ይጠቅማል። ከሁሉም በፊት ግን የአካባቢውን ሽማግሌ ዛፍ ሥር ቁጭ አድርጋችሁ "ነሐሴ ላይ ውሃው የት ድረስ ይመጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሽማግሌው በእጃቸው ግንዱን ይነኩና ያሳዩአችኋል። ያን ያህል ቀላል ነው። ደረቅ መሬት ጠፍቶ የሚቀርበው ሜዳ ብቻ ከሆነም ይህን ጽፋችሁ ለበላይ አሳውቁ፤ የማዛወሪያውን ዕቅድ ከመጀመሪያው ቀን ያዙ።

እህሉን ሰጥቶ ወፍጮውን መርሳት

ወደዚያች እናት ልመለስ። ይህ ነገር ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል።

በአደጋ ጊዜ አንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ማግኘት አለበት ተብሎ ይታቀዳል። ይህ ስሌት እህሉ ሳይሸጥ፣ ሳይቀነስ፣ ሙሉ በሙሉ ድስት ውስጥ ቢገባ ነው። ራሽኑ ራሱ በገንዘብ እጥረት ተቆራርጦ በሚመጣበት ዘመን ደግሞ ስሌቱ ከጅምሩ ጎዶሎ ነው። ከዚያ ላይ ወፍጮ ይወስዳል፣ ተሸካሚ ይወስዳል፣ ማገዶ ይወስዳል።

ስደተኛው ራሽኑን ሲሸጥ ሲታይ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል "ጠግበዋል ማለት ነው" የሚል ነው። ይህን በስብሰባ ላይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እባካችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ገበያው ላይ ቁሙ። ማን ነው የሚሸጠው? ስንት ጣሳ? በገንዘቡ ምን ይገዛል? እኔ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ሳሙና፣ ለሕፃን ወተት፣ ለተማሪ ደብተር፣ ለወፍጮ ክፍያ ነው። ስንዴ ከተሰጠና ሰውየው ያደገው በማሽላ ከሆነ ስንዴውን ሸጦ ማሽላ ይገዛል፤ ሲለውጥ ይከስራል። ሶማሌ ክልል ሩዝና ፓስታ የለመደውን ቤተሰብም እንደዚያው አስቡት።

መፍትሔው ሮኬት ሳይንስ አይደለም። የወፍጮ ክፍያውን በበጀት ያዙ፤ ወይም ወፍጮ ተክላችሁ የስደተኞችና የነዋሪዎች ማኅበር እንዲያስተዳድረው አድርጉ። ገበያው የሚችል ከሆነ ከራሽኑ የተወሰነውን በጥሬ ገንዘብ ስጡ። ዱቄት መስጠት ቢቻል የማስፈጫው ጣጣ ይቀራል፤ ግን ዱቄት ቶሎ ይበላሻልና መጋዘናችሁን ቀድማችሁ እዩ።

ማገዶውም አለ። ምግብ ሰጥተን ማብሰያ ካልሰጠን ሴቶቹን ወደ ጫካ ላክናቸው ማለት ነው። ጫካው ውስጥ የሚደበደቡና የሚደፈሩ ሴቶች አሉ። የጫካው ባለቤት የሆነው ነዋሪም ዛፉ ሲያልቅ ይቆጣል። ከብሪበያህ ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በሚመጣ ኢታኖል (የአልኮል ነዳጅ) የሚሠሩ ምድጃዎች ታድለው ነበር፤ ጭስ የላቸውም፣ እናቶች ወደዋቸዋል። ምድጃ ስታድሉ ግን ነዳጁ ከሦስት ዓመት በኋላ ከየት እንደሚመጣ በውል ያዙ። ነዳጅ የሌለው ምድጃ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል።

ክትባቱን ወደ ኋላ ማለት

አጭር ነው፣ ግን ሕይወት ያስከፍላል። በ2003 ዓ.ም. ክረምት ከሶማሊያ ድርቅ የሸሹ ቤተሰቦች ሶማሌ ክልል ውስጥ ዶሎ አዶ ሲደርሱ ልጆቹ በረሃብ ደክመው ነበር። በኮቤ ካምፕ ኩፍኝ ገባ። የተራበ ሕፃን ኩፍኝን አይችልም፤ ብዙ ሕፃናት ሞቱ። የኩፍኝ ክትባት ከምዝገባው ጋር፣ በመግቢያው በር ላይ ይሰጥ። ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ 15 ዓመት ለሆነ ልጅ ሁሉ። "ካምፑ ይረጋጋና" አይባልም።

ተቀባዩን ማኅበረሰብ ኋላ ማስታወስ

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ሕዝብ 300 ሺህን ትንሽ ያለፈ ነበር። በኋላ ወደ ክልሉ የገባው ስደተኛ ከዚህ ቁጥር በልጦ የታየበት ጊዜ አለ። ይህን በእርጋታ አስቡት። ቤታችሁ እናንተን የሚያህል እንግዳ መጣ። እንግዳው ክሊኒክ ተሠራለት፣ የእናንተ ልጅ ግን አሁንም ሁለት ሰዓት በእግሩ ሄዶ ይታከማል። እንግዳ ተቀባይነት እውነት ነው፤ ግን የሚደገፈው ነገር ይፈልጋል።

ዩጋንዳ ለስደተኛ ከሚመጣው ድጋፍ 30 በመቶው ነዋሪውን እንዲጠቅም የሚል መርሕ አላት። እኛ አገር ዶሎ አዶ ላይ በገናሌ ወንዝ ዳር የተሠራው የመስኖ እርሻ ጥሩ ማሳያ ነው። መሬቱ የነዋሪው ነው፤ ቦዩ የተቆፈረው በእርዳታ ገንዘብ ነው፤ ስደተኛውና ነዋሪው አብረው ያርሳሉ፣ በአንድ ማኅበር ይሸጣሉ። ሽንኩርት አብሮ የሸጠ ሰው በቀላሉ አይጣላም።

ስህተቱ የሚመጣው ጠብ ከተነሳ በኋላ ለማስታረቂያ ብለን ጉድጓድ ስንቆፍር ነው። ያኔ ነዋሪው የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ካልተቆጣሁ አልታይም። ከወረዳው ጋር የውሃውን፣ የጤናውንና የትምህርቱን ዕቅድ አንድ ላይ አውጡ። መምህር ከወረዳው ትምህርት ቤት ነጥቃችሁ በተሻለ ደመወዝ ካምፕ አትቅጠሩ። ይህ በየቦታው ይደረጋል፤ የወረዳው ክፍል ባዶ ይቀራል።

ኮሚቴውን ሕዝብ አድርጎ መውሰድ

ስብሰባ ጠርታችሁ ሰባት ወንዶች መጡ። ደህና ልብስ የለበሱ፣ እንግሊዝኛም የሚችሉ። "ማኅበረሰቡ ተስማምቷል" ብላችሁ ቃለ ጉባኤ ያዛችሁ። ማን ተስማማ? ውሃ የሚቀዱት አልነበሩም።

አንድ ካምፕ ውስጥ ቦኖውን ከኮሚቴው ጋር ተስማምተን ተከልን። ሴቶቹ ግን እዚያ አልቀዳ አሉ። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ቦኖው ያለው የወጣት ወንዶች ቁማር መጫወቻ አጠገብ ነበር። አንዲት ልጅ በአስተርጓሚ ሳይሆን በእጇ አሳየችኝ፤ ጀሪካኗን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አንገቷን ደፍታ እንዴት እንደምታልፍ።

አስተርጓሚም ላይ ተጠንቀቁ። ጋምቤላ ውስጥ ኑዌር አለ፣ አኙዋ አለ፣ ዲንካ አለ፣ ሙርሌ አለ። አንድ አስተርጓሚ ሁሉንም አይወክልም፤ አንዳንዱን ነገር ደግሞ አያስተላልፍም። ከሴቶች ጋር ስትነጋገሩ ሴት አስተርጓሚ ይኑራችሁ። አካል ጉዳተኞችንና ከብዙኃኑ ያነሱትን ጎሣዎች ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ስብሰባ ድረስ አይመጡም።

ቅሬታ ተቀብሎ ዝም ማለት

የቅሬታ ሣጥን ተሰቅሏል፣ ቁልፉ የጠፋ ሣጥን። መጻፍ ለማይችል ሰው ሣጥን ምን ይሠራል? ቅሬታ በአፍ፣ በስልክ፣ በሴት ሠራተኛ በኩል የሚቀርብበት መንገድ ክፈቱ። የወሲብ ብዝበዛ ጥቆማ ከሆነ ደግሞ ተጠርጣሪው የሚሠራበት ቢሮ ፈጽሞ እንዳይመረምረው። እርዳታ በነፃ እንደሚሰጥ፣ ማንም በምላሹ ምንም መጠየቅ እንደማይችል በየቋንቋው ደጋግማችሁ ንገሩ።

በ2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል አውላላ ካምፕ የነበሩ የሱዳን ስደተኞች ዘረፋውና ጥቃቱ ሲበዛባቸው ካምፑን ለቀው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ሰው ልጆቹን ይዞ ጫካ የሚገባው የመጀመሪያው ቅሬታ ላይ አይደለም። ስለ ደኅንነት የሚነገር ቃል በዚያው ሳምንት መልስ ያግኝ። መልሱ "አልቻልንም" ቢሆን እንኳ ይነገር።

ቆጥሮ መርካት

"አራት መቶ መጸዳጃ ቤት ተሠራ።" ስንቱ በር አለው? ስንቱ ማታ ይሄዱበታል? መለኪያው ይታወቃል፤ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ከቤት እስከ ቦኖ ከ500 ሜትር ያልበለጠ መንገድ። ሦስቱን በእግራችሁ ለኩ። ጀሪካን ይዛችሁ ተሰለፉ፤ ስንት ደቂቃ ትቆማላችሁ?

ስደተኛውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ማድረግ

ካምፕ ውስጥ ነርስ፣ አናጢ፣ መምህር፣ ነጋዴ አለ። "ኢንሴንቲቭ ሠራተኛ" ተብሎ ከአገሬው ሠራተኛ እኩል ሠርቶ በጣም ያነሰ ክፍያ ያገኛል። ይህ ልቤን የሚያደማኝ ነገር ነው። ቢያንስ ሥራውን በስሙ ጥሩት፣ ሥልጠናና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስጡት። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ የመሥራት፣ የመማርና የባንክ ሂሳብ የመክፈት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ባንኩና ቀበሌው ይህን አያውቁ ይሆናል። የአዋጁን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ።

ቅነሳውን በራሽን ቀን መንገር

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በእህል ምዝበራ ምክንያት የምግብ እርዳታ ሲቆም ስደተኞቹም አብረው ለአራት ወር ያህል ያለ ራሽን ቆዩ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የእርዳታ ገንዘብ በድንገት ታገደ። እንዲህ ያለው ውሳኔ ከእናንተ እጅ ውጭ ነው። ሁሉን ሥራ በአንድ ለጋሽ ላይ አለመስቀል፣ ለአንድ ወር የሚሆን መጠባበቂያ መያዝና ለሕዝቡ ቀድሞ መናገር ግን በእጃችሁ ነው።

የመጀመሪያዋን እናት ከወራት በኋላ አገኘኋቸው። ያን ሰሞን ራሽኑ ተቀንሶ ነበር፤ እሳቸው ያወቁት ሚዛኑ ላይ ሲደርሱ ነው። "ባለፈው ወር ለጎረቤቴ አምስት ጣሳ አበደርኩ" አሉኝ በአስተርጓሚ። "ብትነግሩኝ ኖሮ ሁለት ነበር የማበድራት።"

አሁን የምሠራበት ቦታ ቅነሳ ካለ ከሦስት ሳምንት በፊት በሜጋፎን፣ በየቋንቋው፣ በየብሎኩ ይነገራል። በመጋዘኑ በር ላይ ለአንድ ሰው ስንት ጣሳ እንደሚደርሰው በሥዕል ይለጠፋል። ጣሳውም ራሱ እዚያው ተሰቅሏል።