አልጠፋ ያለው የቼክ ኢንጂን መብራት፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ባለፈው ክረምት አሮጌዋ ኮሮላዬ ዳሽቦርድ ላይ ያቺ ቢጫ የሞተር ምስል በራች። ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ መመርመሪያውን ሰካ፣ ኮዱን (የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር) አጠፋና "አለቀ" አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ በራች። እንደገና አጠፋልኝ፣ እንደገና በራች። በመጨረሻ "ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው" ተባልኩና አስቀየርኩ። ሴንሰሩ አዲስ፣ መብራቱ ያው።

ጥፋተኛዋ አንዲት የጎማ ቱቦ ነበረች። እሷ ጋ እንደርሳለን።

መጀመሪያ አበራሩን እዩ

መብራቱ ቀጥ ብሎ ከበራ፣ መኪናውም እንደ ወትሮው ከሄደ፣ አትደንግጡ። በሳምንቱ ውስጥ አስመርምሩት። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን አንዱ ሲሊንደር በደንብ እያቃጠለ አይደለም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ካታላይቲኩን፣ ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ፣ ያቃጥለዋል። ነዳጅ መስጫውን ቀለል አድርጉና ዳር ያዙ። የሙቀት ጌጁ ከወጣ ወይም ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ደግሞ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ። እሱ የቼክ ኢንጂን ወሬ አይደለም።

ኮዱን ሳትጽፉ አታስጠፉ

እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ፣ ከ2001 ወዲህ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ከመሪው ስር ባለ 16 እግር ሶኬት አላቸው። መመርመሪያው እዚያ ይሰካል። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ደግሞ ኮፈኑ ስር ትንሽ ሳጥን አላቸው። ሁለት ቀዳዳዎቿ በሽቦ ሲገናኙ መብራቱ ራሱ ቁጥር ይቆጥራል፤ አንዴ ብልጭ፣ ፋታ፣ ሁለቴ ብልጭ ካለ 12 ነው። ቀዳዳ መሳሳት ዕዳ ያመጣል፣ ለሚያውቅ ሰው ተዉት።

ኮዱ የሚነግራችሁ ኮምፒውተሩ የታዘበውን ነው እንጂ የሚገዛውን ዕቃ አይደለም። እኔ ብሬን የበላሁት እዚህ ጋ ነው።

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል፣ ኮዱ ፒ0171

ትርጉሙ አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል ነው። "ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነች፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው" ያሉኝም ነበሩ። አየር መለኪያ ሴንሰር ያለው መኪና ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ ከፍታውን ተዉት።

መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ሴንሰሩ እኮ ተቀይሯል" አልኳቸው። "ሴንሰሩ ምን አደረገህ ልጄ? ያየውን ነው የተናገረው" አሉኝ። መመርመሪያው ላይ ፊዩል ትሪም የሚባለውን ከፈቱ። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ቤንዚን በመቶኛ የሚታይበት ነው። እስከ 10 ድረስ ያለው ብዙም አያሳስብም። የእኔዋ ሚኒሞ ላይ 24 ትጨምራለች። ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ሲይዙት ወደ 6 ወረደ።

"አየር ትሰርቃለች" አሉ፤ ሴንሰሩ ሳይለካው የሚገባ አየር አለ ማለት ነው። ከፊልትሮው ቤት ወደ ሞተሩ የምትሄደውን፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈችውን ጥቁር ጎማ በሁለት እጃቸው ይዘው አጎበጧት። ከስሯ፣ ሁለተኛው እጥፋት ላይ፣ እንደ አፍ ተከፈተች። ሲለቋት ተዘጋች። ከላይ ላያት ሰው አዲስ ነው የምትመስለው። ለጊዜው በናስትሮ ጠቀለሏት፤ በነጋታው ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ደህናዋን አግኝቼ ቀየርኩ።

ቁጥሩ በተቃራኒው ዙር ሲጨምር የሚብስ ከሆነ ቱቦ አትፈልጉ። የቤንዚን ፓምፑ ደክሟል ወይም ፊልትሮው ተዘግቷል። ሰልፍ በበዛበት ሰሞን ከየመንገዱ በጄሪካን ለሚገዛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ገጠር ለገጠር በአቧራ የሚመላለስ ደግሞ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ያስጸዳ፤ ለዚሁ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ። በጣትም በብሩሽም አይነካም፣ ሽቦው እንደ ፀጉር ቀጭን ነው።

ይንገጫገጫል፣ ጉልበት ያጣል፦ ከፒ0301 እስከ ፒ0304

የመጨረሻው ቁጥር ሲሊንደሩን ይነግራችኋል። 0302 ከሆነ የሁለተኛውን ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩና ንዱት። ኮዱ 0303 ከሆነ ኮይሉ ነው፣ ተገኘ። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር እዩ። ችግሩ ሞተር ባሳጠባችሁ ማግስት ከመጣ ግን ምንም ሳትገዙ ኮይሎቹን ንቀሉ። ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ማድረቅ ብቻ ነው።

ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፦ ፒ0128

ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ የራዲያተሩን ውሃ የሚዘጋው ክዳን፣ ክፍት ቀርቷል፣ ወይም ጭራሹን የለም። አገራችን ሞቃት ነው እየተባለ ስንቱ ቴርሞስታት ተነቅሎ ተጥሏል! ብዙ ቶዮታ ላይ 82 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚከፍተው። እሱ ከሌለ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩም "ገና አልሞቀም" ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ዕቃው ውድ አይደለም፤ አስመልሱት። መጀመሪያ ግን የራዲያተሩን ውሃ ልክ እዩ።

ፒ0420 ስለ ካታላይቲክ ነው። ከመቀየራችሁ በፊት ጭስ ማውጫው የሚተነፍስበት ቦታ እንደሌለ አስፈትሹ። የቀድሞው ባለቤት ቆርጦ አውጥቶት ከሆነ ግን ሴንሰር ብትደረድሩም ኮዱ አይጠፋም። ፒ0455 ከመጣ የቤንዚን ክዳኑን ጠበቅ አድርጉ፣ ጎማው ከደረቀ ቀይሩት።

ከጥገናው በኋላ

አስጠፍታችሁ ንዱ። እኔ አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግሬ እስከ ዘንዘልማ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ከተማ ውስጥ ባጃጆቹ መሃል እየቆምኩ እየተነሳሁ። እንዲህ ጥቂት ቀን አይቼ ነው "ድናለች" የምለው። የባትሪ ሞርሴቶ (የገመዱን ማሰሪያ) ፈትቶ መብራት ማጥፋት ይቅርባችሁ። ኮዱም ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ የለመደውም አብሮ ይጠፋል፣ ሚኒሞው ይረበሻል።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ አዙሩ። ቢጫዋ ምስል መብራት አለባት። ካልበራች ሻጩን ዳሽቦርዱን ማን እንደፈታው ጠይቁት።