ሪህ ሲነሳና ሳይነሳ፦ ከአንድ ታማሚ ለሌላው

ከሪህ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ያሳለፍኩት በሽታው ሲነሳብኝ ማስታገሻ እየዋጥኩ፣ ሲተወኝ ደግሞ ጨርሼ እየረሳሁት ነበር። ሪህ የሚታከመው በአብዛኛው እግር ባበጠበት ሳምንት ሳይሆን ምንም በማያምበት ወር መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ሌላው ሰው እንደ እኔ ስድስት ዓመት እንዳያባክን ነው።

በቅድሚያ በሽታው ሪህ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በእኛ ዘንድ ሪህ የማይባል የመገጣጠሚያ ሕመም የለምና። የጉልበት ማርጀትም፣ የወገብ ሕመምም፣ ቁርጥማትም በዚሁ ስም ይጠራሉ። እዚህ ላይ የምናገረው ዩሪክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ በዝቶ፣ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች ስለሚመጣው ሕመም ነው። ይህ ሕመም በድንገት፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይጀምርና በአንድ ቀን ውስጥ ጣሪያ ይደርሳል። በአብዛኛው አንድ መገጣጠሚያ ይመርጣል፤ የእግር አውራ ጣት ሥር፣ ቁርጭምጭሚት ወይም ጉልበት ሊሆን ይችላል። ቦታው ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል፤ ባይታከምም እንኳ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል።

እኔን መጀመሪያ የያዘኝ በፋሲካ ማግስት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የጋቢው ጫፍ ጣቴን ሲነካው መጮኼ አልቀረም። ባለቤቴ ጋቢውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ስትይዝልኝ ቆየች፤ ሲደክማት ዝቅ ያለችውን በርጩማ አምጥታ በእግሬ ላይ አቆመችና ጋቢውን በበርጩማው ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝን ታማሚ ሁሉ ከመድኃኒት በፊት የምነግረው ይህንኑ ዘዴ ነው።

የደም ምርመራው ውጤት ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ብሎ ዕድሜ ልካቸውን ሪህ የማይነሳባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ቁጥሩን አይቶ ብቻ መድኃኒት መጀመር አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። በተቃራኒው፣ ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት የተለካው መጠን ትክክለኛ ልክ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ሕመሙ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲደገም ይጠይቁ። እርግጠኛው ምርመራ ከመገጣጠሚያው በመርፌ ፈሳሽ ተቀድቶ ክሪስታሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ያበጠው መገጣጠሚያ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጨመረ ግን መገጣጠሚያው አመርቅዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ሪሁ ሲነሳ ሕክምናው የሚበጀው በመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ሰዓታት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ሐኪሞች የሚመርጡት በሦስት ዓይነት መድኃኒቶች መካከል ነው፦ እንደ ኢንዶሜታሲንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች፣ ኮልቺሲን እና ፕሪድኒሶሎን። ማስታገሻዎቹን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ መግዛት የተለመደ ቢሆንም፣ ኩላሊቱን ለሚያመው፣ የጨጓራ ቁስለት ላለበት፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ከባድ ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ኮልቺሲንን ደግሞ ቀድሞ ተቅማጥ እስኪያስይዝ ድረስ ይሰጡት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ በድምሩ 1.8 ሚሊ ግራም፣ ከቀድሞው ከፍተኛ መጠን ከ4.8 ሚሊ ግራም ባልተናነሰ እንደሚሠራና ተቅማጡም እጅግ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ማብዛት አያፈጥንም። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን እግርን በትራስ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለሃያ ደቂቃ ያህል ማድረግ ይረዳል። ወለምታ መስሏቸው ወደ ወጌሻ የሚሄዱ አሉ፤ እባካችሁ የተቆጣ መገጣጠሚያ አይታሽ።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ሕመሙ ካለፈ በኋላ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚነሳበት፣ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ጠጣር እብጠት የወጣበት ወይም ኤክስሬይ ላይ ጉዳት የታየበት ሰው ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት በየቀኑ ሊወስድ ይገባዋል። በብዛት የሚታዘዘው አሎፑሪኖል ነው። ግቡ አንድ ቁጥር ነው፦ ከ6 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች። ከዚያ በታች ሲቆይ የተከማቸው ክሪስታል ቀስ በቀስ ይሟሟል። መድኃኒቱ በቀን ከ100 ሚሊ ግራም፣ ኩላሊቱ ለደከመ ደግሞ ከዚያም ባነሰ መጠን ይጀመርና በየጥቂት ሳምንቱ ደም እየታየ ይጨመራል። ሐዘኔን ልናገርና፣ ብዙ ታማሚዎች መነሻው ላይ ቆመው ይቀራሉ፤ ዓመታት 100 ሚሊ ግራም እየዋጡ፣ ቁጥራቸው 8 እንደሆነ፣ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀጠሮ «የዛሬው ስንት ሆነ? መጠኑ ይጨመር ወይ?» ብሎ መጠየቅ የታማሚው ድርሻ ነው። እኔ ለዚህ አንድ ደብተር ገዝቼ ቀኑን፣ የክኒኑን መጠን፣ የዩሪክ አሲዱን ውጤትና ሪሁ የተነሳበትን ቀን በአራት ረድፍ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ 9.4 ይላል፤ ቀጥሎ 8.1፣ ከዚያ 6.9፣ ከስምንት ወር በኋላ 5.7።

በእነዚህ ወራት መካከል ግን አንድ ፈተና አለ። ክሪስታሉ መሟሟት ሲጀምር ሪሁ ከቀድሞው በላይ ሊነሳ ይችላል። እኔ መጀመሪያ የጀመርኩ ጊዜ ይህን የነገረኝ ስላልነበረ፣ በሁለተኛው ወር ሲነሳብኝ «ያስነሳብኝ መድኃኒቱ ነው» ብዬ ጣልኩት፤ ሦስት ዓመትም ከሰርኩ። ዛሬ ጥንቃቄው የታወቀ ነው፦ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ዝቅተኛ መጠን ያለው ኮልቺሲን አብሮ ይታዘዛል፤ ሪሁ ቢነሳም አሎፑሪኖሉ አይቋረጥም። መቋረጥ ያለበት በቆዳ ላይ ሽፍታ፣ በአፍ ውስጥ ቁስል ወይም ትኩሳት ከመጣ ነው፤ ይህ ብዙ ባይከሰትም ለሕይወት ሊያሰጋ ስለሚችል ያኔ ክኒኑን ትቶ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። የሚወስዷቸውን ሌሎች መድኃኒቶች ሁሉ ይንገሩ፤ ለምሳሌ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል፣ ሎሳርታን ግን ዝቅ ያደርጋል።

ምግብን በተመለከተ ታማሚን የሚያሳዝን ብዙ ወሬ አለ። ሪህ «የቁርጥ በሽታ» ስለሚባል ታማሚው እንደ ሆዳም ይቆጠራል፤ እውነቱ ግን የብዙዎቻችን ችግር በአብዛኛው በዘር የወረስነው፣ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን አጣርቶ በሚገባ ማስወጣት ያለመቻሉ ነው። ምግብ ማስተካከል ብቻውን ቁጥሩን የሚያወርደው በ1 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሆነ 9 የሆነን ሰው ወደ 6 አያደርሰውም። ይህ ማለት ግን ዱለት፣ ጉበትና ኩላሊት፣ ሰርዲን፣ ከሁሉም በላይ ቢራና ድራፍት አይጎዱም ማለት አይደለም፤ ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ ይጎዳል። ሽሮና ምስር ተከልክለው ጾሙን በጎመንና በድንች ብቻ የሚገፉ እናቶችን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው፣ በአሜሪካ ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመታት የተከታተለ ጥናት ሥጋና የባሕር ምግብ የሪህን ዕድል እንደሚጨምሩ፣ የወተት ተዋጽኦ እንደሚቀንስ፣ ፒዩሪን (በሰውነት ውስጥ ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለወጥ ንጥረ ነገር) ያላቸው እንደ ምስር ያሉ አትክልቶች ግን እንደማይጨምሩ አግኝቷል። ሽሮዬን ከተመለስኩባት ዓመታት አልፈዋል፤ ቁጥሬም ከ6 በላይ አልወጣም።

በጾም ወቅት የሚያስቸግረው ሽሮው ሳይሆን የውኃ ጥም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ወይም ረመዳንን የሚይዝ ሰው ከፈታ በኋላ እስኪተኛ ድረስ ውኃ ደጋግሞ ይጠጣ፤ አሎፑሪኖል በቀን አንድ ጊዜ ስለሚወሰድም ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል። ከጾም በኋላ በመጀመሪያው ቀን ሥጋውንና መጠጡን አንድ ላይ ማውረድ ግን አደገኛ መሆኑን በራሴ እግር ተምሬዋለሁ።

ቁጥሩ ከ6 በታች ከሆነ በኋላ በየስድስት ወሩ ማስለካት ይበቃል፤ ክኒኑን ማቆም ግን ሪሁን መልሶ መጥራት ነው። ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ፣ እኔ ሁለት ሳምንት የሚያስኬድ ሲቀረኝ ሄጄ እገዛለሁ፤ ወደ ገጠር ስሄድም ክኒኑንና ደብተሩን አንድ ላይ እይዛለሁ።