"ጨጓራ ነው" ከማለታችሁ በፊት፦ ፖሊሲስቲክ ኩላሊት ላለበት ሆድ

ሦስት ማንኪያ እንደቀመስኩ እጠግብ ነበር። ርቦኝ እያለ! ዓመት ሙሉ "ጨጓራዬ ነው" እያልኩ የጨጓራ መድኃኒት ዋጥኩ። ጉንጬ ሲከሳ ቀበቶዬ ግን ሁለት ቀዳዳ ወደ ውጭ ሄደ። ጨጓራ እንዲህ አያደርግም።

ፖሊሲስቲክ ኩላሊትን፣ ማለትም ኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠሩ ብዙ ከረጢቶች የሚያወጣውን በሽታ፣ የወረስኩት ከአባቴ ነው። ከታመመ ወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ እኔን ያዘኝ፣ ወንድሜን አለፈው። ስሙ የኩላሊት ይሁን እንጂ ጉበት ላይም ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ያወጣል። ሴቶች ላይ ይብሳል፤ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ከረጢቶቹን ያሳድጋቸዋል። ጉበቱ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን አያቆምም። ጣጣው ቦታ ማጣበቡ ነው። ጨጓራን ሲጫነው ቶሎ መጥገብ፣ ቃርና ማቅለሽለሽ ይከተላሉ።

ስለዚህ ለሆድ ሕመም የትም ስትሄዱ ቀድማችሁ የኩላሊቱን ነገር ተናገሩ። ጉበታችሁም በአልትራሳውንድ ይታይ እንደሆነ ጠይቁ። የእርግዝና መከላከያ የምትወስዱ ሴቶች፣ ኤስትሮጅን እንዳለበትና እንደሌለበት ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትውጡ።

አበላል ላይ፣ ሦስቱን ትልልቅ ማዕድ ትቼ በቀን አምስቴ ትንሽ ትንሽ እበላለሁ። በልቼ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጋደም አልልም። የአልጋዬን ራስጌ ከእግሩ ሥር ጣውላ አስገብቼ ከፍ አድርጌዋለሁ። ትራስ መደራረብ አንገቴን ከማሳመም በቀር አልፈየደልኝም።

ሆድ ሲደርቅ ማለስለሻ ዝም ብላችሁ አትግዙ። ኩላሊት ከደከመ ማግኒዚየም ወይም ፎስፌት ያለበት አደገኛ ነው። ለሕመምም ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን በራሳችሁ አትጀምሩ።

አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ እምብርቴ ላይ ለስላሳ እብጠት አገኘሁ። ሳስል ብቅ ይላል፣ በጀርባዬ ስተኛ ይገባል። ሄርኒያ ነው፣ የሆድ ግድግዳ ሲሳሳ የውስጡ ወደ ውጭ ብቅ ሲል ማለት ነው፤ እኛ ላይ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለውን ቀጠሮ ይዛችሁ አሳዩ። ጠንክሮ አልገባ ካለ፣ ካመመ ወይም ካስመለሳችሁ ግን ቀጠሮ የለም፤ አንጀት ታንቆ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከሆድ ወይም ከጎን ሕመም ጋር ከመጣም እንዲሁ። አንዱ ከረጢት ኢንፌክሽን ይዞት ሊሆን ይችላል።

እኔ አሁን በወር አንዴ፣ ጠዋት ሳልበላ፣ ሆዴን በእምብርቴ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቼ እጽፋለሁ። ሐኪሜ "ሆድሽ እንዴት ነው?" ሲለኝ ደብተሩን እሰጠዋለሁ።