ነጩ ቆዳ ብቻ ሲቆስል፦ በከብቶች ላይ የሚደርስ የብርሃን ጉዳት

የአንዲት ቡሬ ላም ነጭ ቆዳ ቀልቶና አብጦ ከቆየ በኋላ እየደረቀ ሲላጥ፣ ከጎኑ ያለው ጥቁር ቆዳ ግን ምንም ሳይሆን ከታየ፣ ችግሩ ከብርሃን ጋር የተያያዘ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም። ቦቃ ከሆነች ቦቃዋ ይቆስላል፤ የጡቷ ጫፍ ከቆሰለም ጥጃዋን ሳይቀር ትራገጣለች። በበግ ላይ የሚያብጡት ጆሮ፣ የዓይን ቆብና ከንፈር ናቸው። ተላላፊ የቆዳ በሽታዎች እንዲህ ቀለም አይመርጡም።

ቀጥሎ የዓይኑን ነጭ ክፍል ገልጦ ማየት ያስፈልጋል፤ ሕክምናው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዓይኑ ካልቀየረ፣ ብርሃን የሚስብ ንጥረ ነገር በቀጥታ ከተበላ ተክል ወይም ከተሰጠ መድኃኒት ወደ ቆዳ ደርሷል ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ በሃይፐሪኩም አረም ውስጥ ያለው ሃይፐሪሲንና የቀድሞው የትል መድኃኒት ፊኖቲያዚን እንዲህ ያደርጋሉ። መንስኤውን ማቋረጥና ጥላ ውስጥ ማቆየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ዓይኑ የወፍ በሽታ እንደያዘው ሰው ቢጫ ከሆነ ግን የተጎዳው ጉበት ነው። ሣር ሲፈጭ ከክሎሮፊል (ከተክል አረንጓዴ ቀለም) የሚገኘውን ብርሃን ሳቢ ንጥረ ነገር፣ ፊሎኤሪትሪንን፣ ጤነኛ ጉበት በሐሞት ያስወግደዋል፤ ጉበቱ ሲታመም በደም ተከማችቶ ቆዳ ላይ ብርሃን ያገኘዋል። በምሥራቅ ሐረርጌና በድሬዳዋ አካባቢ ግጦሹን የወረረው የወፍ ቆሎ (ላንታና) የተባለ ቁጥቋጦ፣ መኖ ሲጠፋ ከብቶች እየተገደዱ የሚበሉት፣ ዋነኛ ተጠርጣሪ ነው። ይህ ተክል የትልቁን ጨጓራ እንቅስቃሴ ስለሚያቆም፣ እንስሳው ከቁጥቋጦው ቢርቅም ቅጠሉ ውስጡ ተቀምጦ መርዙን መልቀቁን ይቀጥላል። ስለዚህ ቅባት መቀባት ብቻውን አያድንም፤ የእንስሳት ሐኪሙ መርዙን እንዲይዝ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት ለ1 ኪሎ ግራም ክብደት እስከ 5 ግራም በማጠጣት ሕክምናውን ቶሎ እንዲጀምር መጥራት ይገባል።

እስከዚያው እንስሳውን ጨለም ባለ በረት ማቆየት፣ ንጹሕ ውኃ ማቅረብ፣ ቁስሉንም ከዝንብ መጠበቅ ያሻል። ሌሊት ማሰማራት በጽሑፍ ቢመከርም ጅብ ባለበት አገር አይሞከርም፤ መኖው ወደ በረቱ ይምጣ። ለጉበት ታማሚ የሚሻለው የጤፍ ጭድ ነው፤ ክሎሮፊል የሞላበት እርጥብ ሣር የዓይኑ ቢጫነት እስኪጠፋ ድረስ አይሰጠው።