እሪ እያለ የሚጮህን ሕፃን በእርጋታ እንዴት መያዝ ይቻላል?

ብዙ ሕፃናት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ድምፃቸውን እያቀጠኑና እያወፈሩ መጫወት ይጀምራሉ። ወደ 1 ዓመት ሲጠጉ ደግሞ እሪታው ሰው መጥሪያ ይሆናል፤ ቃል ገና ስለሌላቸው፣ አንድ ጊዜ ጮኸው ቤተሰቡ ሁሉ ዘወር ብሎ ካያቸው ያንኑ ይደግሙታል። ይህ የድምፅ ልምምድ እንጂ ክፉ ጠባይ ስላልሆነ "ጩኸታም" የሚል ስም ለማውጣት አይቸኩሉ።

ከሁሉ አስቀድመው ጩኸቱ ጨዋታ ይሁን ሕመም ይለዩ። ፊቱ ፈክቶ፣ እየተፍጨረጨረ፣ ዓይን ዓይንዎን እያየ የሚጮህ ሕፃን እየተጫወተ ነው። ርቦት፣ ዳይፐሩ ርሶ ወይም እንቅልፉ መጥቶ እንደሆነም ይመልከቱ። የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ጩኸቱ በምንም ካልበረደ ግን ሐኪም ይየው፤ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ቆየት ቆየት እያለ የሚጮህ፣ የሚያስመልሰው ወይም በሰገራው ደም የሚታይ ከሆነ አንድ ሰዓት እንኳ ሳያባክኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። በየሰፈሩ "ግግ ነው"፣ "እንጥሉ ወርዶ ነው" የሚል አይጠፋም፤ ድድ መብጣትም ሆነ እንጥል ማስቆረጥ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን የሚያጋልጥ ጎጂ ልማድ በመሆኑ፣ ምክሩ ከአያት ቢመጣም በአክብሮት ይለፉት።

ጨዋታ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። በጩኸት ላይ መጮህም ሆነ ከት ብሎ መሳቅ ለሕፃኑ ያው ሽልማት ነው። ይልቁንስ ቀረብ ብለው በሹክሹክታ ያነጋግሩት፤ የሚሉትን ለመስማት ሲል ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል። ቀስ ብሎ "ባ ባ" ሲል ወዲያውኑ ዘወር ብለው "ባ ባ" ይበሉት። ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ይመስለኛል፤ ብዙዎቻችን ሕፃኑ ሲጮህ እንሮጣለን፣ በለሆሳስ ሲያወራ ግን "ተመስገን፣ ዝም አለ" ብለን ወደ ወጡ እንመለሳለን።

ከ8 ወይም ከ9 ወር ጀምሮ በእጅ ምልክት መጠየቅን ያለማምዱት። ሁለት እጁን ዘርግቶ "አንሡኝ"፣ መዳፉን ከፍቶ "ስጡኝ" እንዲል፣ ምልክቱን ከቃሉ ጋር ለሳምንታት ደጋግመው ያሳዩት።

በግቢ ወይም በሜዳ እንደ ልቡ ይጩህ። ታክሲ ውስጥ ወይም ለቅሶ ቤት ከጀመረ ግን ሳይቆጡ መጫወቻ ይስጡት፤ ካልሆነም አዝለው እሹሩሩ እያሉ ወደ ውጭ ይውጡ።

ትዕግሥትዎ ካለቀ ሕፃኑን በአልጋው ላይ በጀርባው አስተኝተው ለጥቂት ደቂቃ ራቅ ይበሉ። በንዴት መነቅነቅ በአንጎሉ ውስጥ ደም እንዲፈስ ሊያደርግና ለሞት ሊያበቃ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ጎረቤት መጥታ ለግማሽ ሰዓት እንድትይዝልዎ መለመን ነውር አይደለም።