ሞተሩ ሲነሳ ቦርዱ ይጠፋል፦ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ችግርና መፍትሄ

የፈጠራ ሥራ ውድድር በደረሰ ቁጥር ወደ ሳይንስ ክበባችን ጠረጴዛ የሚመጡት ሥራዎች ይመሳሰላሉ፤ እጅ ሲቀርበው የሚከፈት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ እንቅፋት ሲያይ የሚጮህ የዓይነ ስውራን ዘንግ፣ አፈር ሲደርቅ ውሃ የሚለቅ የመስኖ መሣሪያ፣ ጋዝ ሲሸተው የሚያስጠነቅቅ ሣጥን። ብልሽታቸውም እንደዚያው ይመሳሰላል። ይህን የጻፍኩት ኮድ መጫንና ሴንሰር ማንበብ ለሚችሉ ነው፤ የተላቀቀ ሽቦ አለመኖሩን፣ የቦርዱ ዓይነትና ወደቡ በትክክል መመረጣቸውን አይታችሁ የመጣችሁ ናችሁ ብዬ እጀምራለሁ። የማወራው በአብዛኛው ኮድ ስለሚጫንባቸው ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች፣ ስለ አርዱዊኖ ኡኖ፣ ስለ ናኖና በየሱቁ ስለሚሸጡት ቅጂዎቻቸው ነው።

ኮምፒውተሩ ቦርዱን አያየውም፣ ወይም ኮድ አይጭንም

መጀመሪያ ገመዱን ተጠራጠሩ። ናኖና አንዳንዶቹ የኡኖ ቅጂዎች የሚሰኩት በስልክና በካሜራ ገመድ ዓይነት ስለሆነ ቤት ውስጥ የተገኘው ሁሉ ይሞከርባቸዋል። ከእነዚህ ገመዶች መካከል ደግሞ ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ፣ የዳታ ሽቦ ጭራሽ የሌላቸው ሞልተዋል። የቦርዱ መብራት ስለሚበራ ማንም ገመዱን አይጠረጥርም። በሌላ መሣሪያ ላይ ፋይል የማያስተላልፍ ገመድ ከሆነ ጣሉት፤ ወደ መሳቢያው አትመልሱት፣ ነገ ሌላ ተማሪ ያነሳዋል።

ገመዱ ደህና ከሆነ፣ ቅጂ ቦርዶች ላይ በብዛት ያለው ሲኤች340 የተባለው ቺፕ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን አጋዥ ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። ወደቡ ታይቶ ጭነቱ እምቢ ካለ 0 እና 1 ፒኖች ላይ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፤ የብሉቱዝ ሞጁል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ናኖ ከሆነ ደግሞ በፕሮሰሰር ምርጫው ውስጥ «ኦልድ ቡትሎደር» የሚለውን ሞክሩ።

ሞተሩ ሲንቀሳቀስ ቦርዱ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ከሌሎቹ ብልሽቶች ሁሉ ይልቅ የማየው ይህንኑ ነው፤ አሁንማ ተማሪው ሥራውን ከከረጢቱ ሳያወጣ ባለ 9 ቮልቷን ካሬ ባትሪ ካየሁ ችግሩ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ምልክቱ እንዲህ ነው። በላፕቶፕ ገመድ ሲሞከር ሁሉም ነገር ይሠራል። ባትሪ ላይ ሲዛወር የማጠራቀሚያው ክዳን እስከ ግማሽ ይነሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። የኤልሲዲው (የማሳያ ስክሪኑ) ጽሑፍ ይደበዝዛል ወይም የመክፈቻውን ሰላምታ ከመጀመሪያው ይጽፋል። ቦርዱ ላይ «ኤል» የሚል ፊደል አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ትላለች።

ተማሪው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ኮዱን ይቀይራል። መዘግየት ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ የሰርቮውን፣ ክዳኑን የሚያነሳውን የትንሽ ሞተር፣ ላይብረሪ አጥፍቶ እንደገና ያወርዳል። ባለፈው የውድድር ሰሞን ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ክዳኑ የሚንቀጠቀጥ ማጠራቀሚያ ይዘው መጡ። ኮዳቸው ንጹሕ ነበር፤ ግን ሲነካኩት ከማደራቸው የተነሳ አንዱ ተግባር በሦስት ስም ተጽፎ ተገኘ። የመጀመሪያውን ኮድ መልሰን ባትሪውን ብቻ ቀየርን፤ ክዳኑ ቀጥ ብሎ ተከፈተ። አንደኛው ደስ አላለውም፣ እንዲያውም ተናደደ። እውነቱን ነው።

ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ስለዚህ ይህን ፈትሹ። በፕሮግራሙ መጀመሪያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሚሠራው ክፍል ውስጥ፣ የ13ኛው ፒን መብራት ሦስት ጊዜ በዝግታ ብልጭ እንዲል ጻፉ። ከዚያ በባትሪው አስነሱትና እጃችሁን ወደ ሴንሰሩ አቅርቡ። ክዳኑ ሊነሳ ሲል እነዚያ ሦስት ብልጭታዎች ከተመለሱ ቦርዱ ጠፍቶ ተነስቷል፤ ጥፋቱ የኮዱ አይደለም። ፍተሻውን ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ አታድርጉት፤ የዩኤስቢው ኃይል ገብቶ ጉድለቱን ሊሸፍነው ይችላል። መልቲሜትር ያላችሁ ደግሞ አንዱን ጫፍ 5 ቮልት ፒን ላይ፣ ሌላውን ግራውንድ (የቦርዱ ኔጋቲቭ) ላይ አድርጉና ክዳኑን ለአንድ ሰከንድ ያህል በጣታችሁ ያዝ አድርጉት። ቁጥሩ ከ4.5 በታች ከወረደ መልሱ ተገኝቷል። መልቲሜትር ቀርፋፋ ስለሆነ እውነተኛው መውረድ ከምታዩት የባሰ ነው።

መንስኤውን በደንብ እዩት፣ ምክንያቱም ተማሪው ሁሉ «9 ከ5 ይበልጣል፣ ይበቃል» እያለ ነው የሚከራከረኝ። ቮልት ብቻውን አይበቃም፤ ሞተር የሚፈልገው አምፔር ነው። ኤስጂ90 የምትባለው ሰማያዊ ትንሽ ሰርቮ በነጻ ስትዞር ከ100 እስከ 250 ሚሊአምፔር አካባቢ ትስባለች፤ ክዳን ከብዷት ስትቆም ደግሞ ወደ 700 ትጠጋለች። ባለ 9 ቮልቷ ባትሪ የተሠራችው ለጭስ ማስጠንቀቂያና ለመልቲሜትር ነው፤ የአልካላይኗ ጥሩ ዓይነት እንኳ በቀላል ጭነት የምትይዘው 500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ነው፣ ርካሿ የካርቦን ዚንክ ዓይነት ደግሞ ከዚያ በብዙ ያነሰች ናት። ኤሌክትሪኩን የሚገታው ውስጣዊ ሬዚስታንሷም ትልቅ ስለሆነ ብዙ አምፔር ሲጠየቅ ቮልቷ ይወድቃል። ምጣድ ሲሰካ የቤቱ አምፖል የሚደበዝዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ባትሪዋ ብትችል እንኳ መሐል ላይ የቦርዱ ሬጉሌተር አለ። 9 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው ትርፉን 4 ቮልት ወደ ሙቀት ለውጦ በመጣል ነው። ሰርቮው ግማሽ አምፔር ሲስብ ያቺ ጥፍር የምታክል ክፍል 2 ዋት ሙቀት መሸከም አለባት። ትግላለች፣ ራሷን ለመጠበቅ ትዘጋለች፣ ቀዝቅዛ ትከፈታለች። የኡኖው ቺፕ በበኩሉ ቮልቱ ወደ 2.7 ሲወርድ ራሱን ዳግም እንዲያስነሳ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ቦርዱ ሲነሳ ሰርቮው ይነሳል፣ ሰርቮው ሲነሳ ቦርዱ ይወድቃል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ባትሪው እስኪያልቅ ይቀጥላሉ።

መፍትሄው የሰርቮውን ምግብ ከቦርዱ መለየት ነው። ቀዩን የሰርቮ ሽቦ ከቦርዱ 5 ቮልት ንቀሉና አራት የጣት ባትሪ በተከታታይ ከያዘ ሣጥን ፖዘቲቭ ጋር አገናኙት። ቻርጅ የሚደረጉት ከሆኑ 4.8 ቮልት፣ አልካላይን ከሆኑ 6 ቮልት ይሆናል፤ ኤስጂ90 ሁለቱንም ትችላለች። ጠረጴዛ ላይ ብቻ ለሚታይ ሥራ 5 ቮልት 2 አምፔር የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር ይበልጣል። ብርቱካናማው የምልክት ሽቦ በነበረበት ፒን ይቆይ። ቡናማው ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይሂድ።

አሁን ሁሉም የሚረሳው ይመጣል፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ከአርዱዊኖው ግራውንድ ጋር በአንድ ሽቦ መገናኘት አለበት። ግዴታ ነው። ምልክቱ የሚለካው ከግራውንድ አንጻር ስለሆነ ሁለቱ ካልተገናኙ ሰርቮው ምን እንደታዘዘ አያውቅም። አንዲት ተማሪ ባትሪውን ለይታ፣ በቀይና በጥቁር ሽቦ አሳምራ ሠርታ መጣች፤ ሰርቮው ግን ያለ ትእዛዝ ይወዛወዛል፣ እጇን ሽቦው ላይ ስታሳርፍ ደግሞ ይብስበታል። «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ብላ ሁለተኛ ሴንሰር ገዝታ ነበር። የጎደለው ጣት የምታህል አንዲት ጃምፐር ሽቦ ነበረች።

በመጨረሻም ከ470 እስከ 1000 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር፣ 16 ቮልት የተጻፈበት፣ ከሰርቮው አጠገብ በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ መካከል ሰኩ፤ በመነሻው ቅጽበት የሚጎድለውን እሱ ይሞላል። ጎኑ ላይ ያለው ነጣ ያለ መስመር የኔጋቲቩን እግር ያሳያል። ገልብጣችሁ ከሰካችሁት ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል፤ ስለዚህ ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት ፊታችሁን አርቁና መስመሩን እንደገና እዩ።

ማስጠንቀቂያዎች፦

ባለ 6 ቮልቱን ሣጥን የቦርዱ 5 ቮልት ፒን ላይ አትሰኩ። እዚያ ሬጉሌተር አይጠብቃችሁም፤ በቀጥታ ቺፑ ላይ ነው የሚደርሰው።

ሞተር ከፒን በቀጥታ አታንቀሳቅሱ። አንድ ፒን በደህና የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ነው፤ 40 የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ የሥራ መጠን አይደለም።

ፓወር ባንክ መጠቀም ይቻላል፤ ብዙዎቹ ግን የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሥራችሁ ዝም ብሎ እንቅፋት የሚጠብቅ ከሆነ ዳኞቹ ፊት ሳይደርስ ይተኛል።

18650 የሚባሉትን ክብ የሊቲየም ባትሪዎች ስትገዙ ላያቸው ላይ 9900 ሚሊአምፔር-ሰዓት ተጽፎ ካያችሁ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ። በዚያ መጠን የሚሠሩት የታወቁት ጥሩዎቹ 3500 ገደማ ነው የሚይዙት፤ 9900 የሚል ጽሑፍ ውሸት ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የለጠፈው ብቻ ነው። ያበጠ የስልክ ባትሪ፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተገነጠለ ሴል፣ መከላከያ ሰርኪዩት ሳይኖረው የሚሞላ ሊቲየም ወደ ትምህርት ቤት ይዛችሁ አትምጡ። የሊቲየም ሁለት ጫፎች በቁልፍ ወይም በሳንቲም ከረጢት ውስጥ ከተገናኙ እሳት ነው።

የመኪና ሥራ የምትሠሩ ኤል298ኤን የተባለው የሞተር ድራይቨር ራሱ ወደ 2 ቮልት እንደሚበላ አስቡ። 6 ቮልት ሰጥታችሁት ሞተሩ ቢለግም አትደነቁ፤ የደረሰው 4 ብቻ ነው።

ሪሌይ ወይም ፓምፕ ሲሠራ ኤልሲዲው ላይ እንግዳ ፊደላት ይታያሉ

የቀድሞው ችግር ዘመድ ነው፤ ፓምፑን በቦርዱ ትእዛዝ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ (ሪሌይ) ባለባቸው የመስኖ ሥራዎች ላይ ይበዛል። ፓምፑ ሲጠፋ በጥቅልሉ ውስጥ የነበረው ጉልበት ከፍተኛ የቮልት ምት ሆኖ ይመለስና ኤልሲዲውን ያዛባዋል። 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ክፍል) በፓምፑ ሁለት ጫፎች ላይ ሰኩ፤ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ። ዋጋው ከሻይ አይበልጥም። የፓምፑ ባትሪ ከላይ እንደተባለው የብቻው ይሁን።

በሪሌዩ 220 ቮልት ላሳይ የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አለ። አታሳዩ። ክፍት ብሬድቦርድ (ሽቦ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ)፣ እርጥብ አፈርና የግድግዳ ሶኬት አንድ ጠረጴዛ ላይ አይሰባሰቡም። በ12 ቮልት አምፖል ብታሳዩ ዳኛው ሐሳቡን ይረዳዋል።

ግማሹ ብሬድቦርድ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም

በረጅሙ ብሬድቦርድ ጠርዝ ላይ ያሉት የኃይል መስመሮች አንዳንዴ መሐል ላይ የተቆረጡ ናቸው። ቀዩ ቀለም ከተቋረጠ ውስጡም ተቋርጧል፤ ቀለሙ ሳይቋረጥ ውስጡ የተቋረጠም ገጥሞኛል። በአጭር ሽቦ አገናኙት።

የርቀት ሴንሰሩ 0 ወይም የማይሆን ቁጥር ይሰጣል

ኤችሲ-ኤስአር04 የሚፈልገው 5 ቮልት ነው፤ 3.3 ላይ የሰካችሁት ንቀሉት። ከ2 ሴንቲሜትር በታች አያይም፣ ከ4 ሜትር በላይም አትመኑት። ለዘንግ ሠሪዎች የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው፤ ሴንሰሩ ርቀት የሚለካበት ድምፅ ጋቢና ወፍራም ሹራብ ላይ ሲያርፍ ይዋጣል፣ በሰያፍ የቆመ ግድግዳ ላይ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነጥራል። ስለዚህ ዘንጉን በደብተር ብቻ ሞክራችሁ «ይሠራል» አትበሉ። ሰው አቁሙ፣ ልብስ ስቀሉ፣ ከጎን ቅረቡ። አንዱን ንባብ ትታችሁ የአምስት ንባብ መካከለኛውን ውሰዱ።

የቀሩት በአጭሩ

ኤልሲዲው በርቶ አራት ማዕዘን ሣጥኖች ብቻ ካሳየ ኮዱ ውስጥ የተጻፈው አድራሻው ተሳስቷል፤ 0ኤክስ27 ካልሆነ 0ኤክስ3ኤፍን ሞክሩ። ምንም ካልታየበት ከጀርባው ያለችውን ሰማያዊ ብሎን በቀስታ አዙሩ።

ሁለት ሹካ ያለው የአፈር እርጥበት ሴንሰር በጥቂት ቀናት ከዛገ ያዛገው ያለማቋረጥ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ነው። ኃይሉን ከፒን ስጡት፣ ስታነቡ ብቻ አብሩት።

ኤምኪው-2 የጋዝ ሴንሰር ሲነካ ቢሞቅ ጤነኛ ነው፤ ማሞቂያው ብቻ ወደ 150 ሚሊአምፔር ይስባል፤ ከባለ 9 ቮልቷ ባትሪ ጋር ግን አይዋደድም። ለመሞከር የምግብ ማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር አትክፈቱ።

ዲኤችቲ11 ሙቀት መለኪያ ስህተት የሚመልስ ከሆነ ኮዳችሁ በጣም እየጠየቀው ነው፤ በሰከንድ ከአንድ ጊዜ በላይ አያነብም፣ በሁለት ሰከንድ አንዴ ጠይቁት።