የካሲኖ ቺፕ ክብደትና ጥራት ከመጀመሪያው እስከ መቶ ሺኛው እንዳይለያይ

ቺፕ፣ ማለትም በቁማር ጠረጴዛ ላይ በገንዘብ ምትክ የሚያገለግለውን ክብ ቁራጭ፣ የሚገዛ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ግራም ነው?» ብሎ ነው። ለአምራቹ ግን የሚያስጨንቀው ዛሬ የወጣው ቺፕ ከሦስት ወር በፊት ከወጣው ጋር አንድ መሆኑ ነው። ሳጥን ላይ 11.5 ወይም 14 ግራም ተብሎ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ለቤት ጨዋታ የሚሸጥ፣ ውስጡ ብረት ያለው የፕላስቲክ ቺፕ ነው። ሸክላና ሬዚን ተቀይጦ በፕሬስ የሚሠራው የካሲኖ ቺፕ በአብዛኛው ከ8.5 እስከ 10 ግራም ነው። ስለዚህ ከባድ ስለሆነ ብቻ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም።

ከክብደት በፊት ውፍረትን ያዙ። የአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት የቁማር ደንብ 12 የቺፕን ውፍረት 0.130 ኢንች (3.302 ሚሊ ሜትር)፣ መደበኛ ዲያሜትሩን ደግሞ 1.55 ኢንች (39.37 ሚሊ ሜትር) ብሎ በቁጥር አስቀምጧል። ምክንያቱ ጠረጴዛው ላይ ግልጽ ነው፤ አጫዋቹ 20 ቺፕ ደርድሮ ከጎኑ ሌላ ድርድር ሲያቆም ቁመታቸውን በዓይኑ እያስተያየ ነው የሚቆጥረው። እያንዳንዱ ቺፕ በ0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢወፍር ድርድሩ በ1 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በ0.165 ቢወፍር 20ው 21 መስሎ ይቆማል። በማይክሮሜትር (ረቂቅ ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ስትለኩ ከ±0.05 ሚሊ ሜትር የወጣውን አታሳልፉ።

አሁን ወደ ክብደቱ። 39 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 3.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቺፕ ይዘቱ 3.94 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሙሉ በሙሉ ኤቢኤስ (ABS) ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ቢሆን 4.1 ግራም ብቻ ይመዝናል። ብረቱ የፕላስቲኩን ቦታ ስለሚወስድ፣ 11.5 ግራም እንዲሞላ 8.5 ግራም ብረት ውስጡ መግባት አለበት፤ ክቡ ብረት 30 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ካለው ውፍረቱ 1.53 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሦስት አራተኛው ክብደት እንግዲህ ገና ፕላስቲኩ ሳይቀልጥ፣ ላሜራው ሲቆረጥ ይወሰናል።

ብዙ ፋብሪካ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ቺፕ በ0.1 ግራም ከብዶ ሌላው በ0.1 ቢቀል፣ መቶው አንድ ላይ ሲመዘን ይካካሳል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከሄደ ግን አይካካስም። አዲስ የገባ የላሜራ ጥቅል ከቀድሞው በ0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳ፣ ቦታውን ፕላስቲክ ሞልቶትም እያንዳንዱ ቺፕ 0.096 ግራም ያጣል። በእጅ የሚይዘው ሰው ፈጽሞ አያውቀውም። መቶ ቺፕ የያዘ ሳጥን (20 ቺፕ ያላቸው 5 ረድፎች) ግን በሚዛን ሲቆጠር ከ1,150 ግራም 9.6 ግራም ይጎድለዋል፤ አንድ ቺፕ የጠፋ ያስመስላል። በሚዛን መቁጠር የሚቻለው የመቶው ስህተት ከግማሽ ቺፕ፣ ማለትም ከ5.75 ግራም፣ በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ ሁለት ገደብ አስቀምጡ፤ ለአንድ ቺፕ ±0.15 ግራም፣ ለ20 ቺፕ አማካይ ግን ±0.03 ግራም። ሁለተኛው ገደብ ሲጣስ እያንዳንዱ ቺፕ ለየብቻው ያለፈ ቢሆንም ማሽኑን አቁሙ።

ላሜራው ሲገባ በጥቅሉ ወርድ ላይ ሦስት ቦታ ለኩ፤ ሁለቱን ጠርዝና መሃሉን። በሮለር ተዳምጦ የሚወጣ ላሜራ መሃሉ ከጠርዙ ወፈር ማለቱ የተለመደ ነው፤ ከመሃል የተቆረጠው ብረት ከዳር ከተቆረጠው ሊከብድ ይችላል። የተቆረጡትን ቀላቅላችሁ ወደ ማሽን ስጡ። የመቁረጫው ፓንች ሲዶለዱም ጠርዙ ላይ ስለታም ትርፍ ብረት ይቀራል፤ ያ ብረቱን ሞልድ (የቀለጠው ፕላስቲክ የሚገባበት ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ አዘንብሎ ያስቀምጠዋል። የመቁረጫ ዘይቱንም እጠቡት። ዘይት ያለበት ብረት ፕላስቲክ አይይዝም፤ ቺፑ ጆሮ ሥር ሲነቀነቅ ያቃጭላል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጥቅል 20 ክብ ብረት ለብቻው መዝኑና አማካዩን ጻፉ። ይህን ሳያደርጉ የተጠናቀቀውን ቺፕ ብቻ መመዘን ጥፋቱ ከብረቱ ይሁን ከፕላስቲኩ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ኤቢኤሱን በ80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከ2 እስከ 4 ሰዓት አድርቁት፤ እርጥበት ካለው ፊቱ ላይ ብርማ ጭረት ያወጣል። የማሽኑ የመያዣ ግፊት (የገባው ፕላስቲክ እስኪጠነክር ተጭኖ የሚይዘው) ከወረደ ቺፑ ይቀላል፣ ፊቱም መሃል ላይ ይሰረጉዳል። ከበዛ ደግሞ በጠርዙ ዙሪያ ስስ ቅርፊት ይወጣል። ሞልዱ አራት ጉድጓድ ካለው እያንዳንዱን ቁጥር ስጡት፤ በየሰዓቱ ከእያንዳንዱ 5 ቺፕ አንስታችሁ ለየብቻ መዝግቡ። የአንዱ ጉድጓድ መግቢያ ሲጠብ የእሱ ቺፕ ይቀላል፣ የሌሎቹ ሊከብድ ይችላል፤ አማካዩ ግን ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይታያል።

ትኩስ ቺፕ አትለኩ። ኤቢኤስ ሲቀዘቅዝ ከ0.4 እስከ 0.7 በመቶ ይኮማተራል። የቺፑ ሙቀት የሚያስነሳው አየርም ሚዛኑን ያናውጠዋል። 0.01 ግራም የሚያነብ፣ ከነፋስ የሚከልል ሽፋን ያለው ሚዛን ተጠቀሙ፤ በየፈረቃው መጀመሪያ በ10 ግራም መፈተሻ ክብደት አረጋግጡት። ቁጥሩ ሳይረጋ የሚዋልል ከሆነ ቺፑ ላይ የተጠራቀመው የኤሌክትሪክ ሙል ሊሆን ይችላል።

ቀለምም ክብደት አለው። ነጩ ቀለም የሚሠራበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከኤቢኤስ አራት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ 4 በመቶ ሲገባበት ቺፑ ላይ 0.09 ግራም ያህል ይጨምራል። ሁሉንም ቀለም በአንድ ክብደት ለማስገደድ መልፋት አያስፈልግም፤ ለየቀለሙ የራሱን ዒላማ ጻፉለት። ቀለም አቅራቢ ስትቀይሩ ግን ዒላማውን እንደገና ፈትሹ።

ሚዛን የማያገኘው አንድ ጥፋት አለ። ቺፑን ንጹሕ መስታወት ላይ አስቀምጡና ጠርዙን በጣት ነካ አድርጋችሁ ለማሽከርከር ሞክሩ። ጠፍጣፋው ወዲያው ይቆማል። ሆዱ የወጣው እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ ገልብጣችሁ ብትሞክሩት ጠርዙ ላይ ይቀመጥና አይዞርም። ብዙውን ጊዜ መንስኤው የሞልዱ ሁለት ፊት እኩል አለመቀዝቀዙ ወይም ቺፑ ሳይጠነክር መውጣቱ ነው። የማቀዝቀዣ ውኃውን ሙቀት በሁለቱም በኩል ለኩ፤ የማቀዝቀዣ ጊዜውንም ጨምሩ።

በፕሬስ ለሚሠራው የሸክላ ቺፕ ሥራው ከላይኛው ይለያል፤ ብረት ስለሌለው ክብደቱ ከውህዱና ከውፍረቱ ይመጣል። 9.5 ግራም ቺፕ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 0.29 ግራም ያህል ነው። ፕሬስ ውስጥ የሚገባውን ጥሬ ቁራጭ አንድ በአንድ መዝኑ፤ ከፕሬስ በኋላ ጠርዙ በቶርኖ ሲስተካከል የሚነሣውን ትርፍም አስቡበት።

ከመጀመሪያው ከጸደቀ ምርት ለየቀለሙ 20 ቺፕ ለይታችሁ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ አሽጉ። ከወራት በኋላ ተጨማሪ ትእዛዝ ሲመጣ አዲሱን ከእነዚህ ጋር አስተያዩ፤ ጠረጴዛ ላይ ከዋለው ጋር ግን አታስተካክሉት፤ እሱ በእጅና በመፋተግ ጠርዙ አልቆ ቀሏል።